የልጅ ልጄ ጎማ ስትመርጥ

የልጅ ልጄን ቤተሰቡ ሁሉ ግትሯ ይላታል። የምትሠራው መስታወት ቤት ነው። ትቆርጣለች፣ ጠርዙን ትሞርዳለች፣ ከዚያም ውስጡ ብርድ ልብስ በተነጠፈበት የእንጨት ሳጥን አድርጋ በብስክሌቷ ለደንበኛ ታደርሳለች። ጠባሳ የሌለበት ጣት የላትም። እናቷ ካረፈች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔው ስለሆንኩ፣ ያሰበችውን ከፊቷ ላይ አገኘዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ያገኘሁት ሐሳብ ግን አስደነገጠኝ። ድንበር ተሻግራ፣ አስፋልት በሌለበት የድንጋይ መንገድ፣ ብቻዋን በብስክሌት ሰው አገር ልትዞር ነው።

«እሺ ካላልሽኝ አልወጣም፣ እማማ» አለችኝ።

«እኔ ደግሞ ጎማሽን ካላመንኩት እሺ አልልም።»

እንደማላምነው እርግጠኛ ነበርኩ።

አጎቷ፣ የመጨረሻው ልጄ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ሲያይ ልቡ ይጠፋል። ከውጭ ያስመጣቸውን ሁለት ጎማዎች ይዞላት ከች አለ። በአንድ ጣት ይነሳሉ። ራጂ የሚሏቸው፣ ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚወጥሩት ሽቦዎች፣ እንደ እኔ ጥርስ የሚቆጠሩ ናቸው።

«ይጫንባቸዋል?» አለችው።

«ዝሆን ጫኚ!»

«ዝሆን የለንም» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ነይ ተቀመጪ፣ እማማ። አንቺና ሻንጣዬ እኩል ሳትሆኑ አትቀሩም።»

«አሮጊት ልትጨርሺ ነው?» አለ አጎቷ። እኔ ግን ጎማዎቹ እንደተገጠሙ የብስክሌቷ ዕቃ መጫኛ ላይ ወጣሁ፤ ጎማው ቢሰበር ማን ይጠላል!

ከውኃ ታንከሩ እስከ በራችን ያለው ቁልቁለት ኮረት በኮረት ነው። ወገቧን ጨምድጄ ይዤ ወረድን። ገና መሃሉ ላይ ሳንደርስ «ጧ!» አለ። አንድ ራጂ ተበጥሶ ቸርኬው ተጣመመና ፍሬኑ ላይ ተጣብቆ ቀጥ አለ።

«ወፍረሻል፣ እማዬ!» አለ ልጄ እየሮጠ ሲደርስብን።

«አንተ፣ አፍህን ያዝ!»

ጎሚስታው ጋ ወሰድነው። አገላብጦ አየና፣ «እንዲህ ያለ ራጂ ከተማውን ብታስሱ አታገኙም» አለ።

«እዚህ የጠፋውን እዚያ ገጠር ማን ይሰጠኛል?» አለች። አጎቷን አቅፋ ሳመችው፤ ስጦታውን ግን መለሰችለት።

ከዚያ በኋላ ከሥራ በወጣች ቁጥር ጎሚስታው ጋ ነው የምትቀመጠው። ሁለት ከባድ ጎማ አሠራች። መልክ የላቸውም። እያንዳንዳቸው ሠላሳ ስድስት ራጂ አላቸው፣ ያውም የትም መንደር የሚገኘው ዓይነት። ራሷ ፈትታ መግጠም እስክትችል ድረስ በቃኝ አላለችም።

አንድ እሑድ እንደገና ታንከሩ ጋ ወሰደችኝ። ከተቀመጥኩ በኋላ ከኪሷ ፒንሳ አወጣችና ከኋላው ጎማ አንዱን ራጂ ቀጭ አድርጋ ቆረጠችው።

«አብደሻል? ደህናውን!»

«መንገድ ላይ መበጠሱ አይቀርም። ሲበጠስ የሚሆነውን እዪልኝ።»

ወረድን። ኮረቱ አጥንቴን አንጓጓው። አንገቴን አስግጌ ቸርኬውን አየሁት፤ ትንሽ ይወላገዳል፣ ግን ይዞራል። ፍሬኑንም አልነካ። እሷ ወደ ኋላ አንዴም አልዞረችም። በራችን ጋ ስንደርስ ቆመች።

«በይ ውረጂ፣ እማማ።»

እንዳትሄድ የምይዛትበት ሰበብ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«አልወርድም» አልኳት። «ራጂሽን ቀይሪና አንዴ ድገሚልኝ። ከዚያ ሂጂ።»