እዝን ከቤቴ አይገባም

ጦርነቱ በነበረበት ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ሲል የሆነ ነው። ከዚያ ወራት ብዙውን ረስቻለሁ፤ ይህ ግን ቅዳሴ ላይ በቆምሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

ታናሽ ወንድሜ ሀብታሙ የአየር ኃይል ባልደረባ ነበር፤ የሄሊኮፕተር ቴክኒሻን። አንድ ቀን ከጓዶቹ ጋር ለግዳጅ እንደወጡ አልተመለሱም። ለእናቴ የተነገራት «ያለበት አልታወቀም» የሚል ብቻ ነው።

እኔ በባለቤቴ ሥራ ምክንያት የምኖረው ጅግጅጋ ነው። እንደሰማሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ወዳለው የእናቴ ቤት ሄድሁ። እናቴ እንደ ወትሮዋ ግቢ ስትጠርግ አገኘኋት። እኔም አላለቀስሁም። ሰውነቴ የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። የሞተውን «ትንሽ አሞታል» ነው የሚሉት። ስለዚህ የዱርቤቴ ዘመዶቻችን «ያለበት አልታወቀም» ሲባሉ ነገሩ ገባን አሉ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሚኒባስ ሞልተው መጡ። አክስቴ ጥሩነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ለለቅሶ ቤት የሚወሰደውን የእዝን መሶብ አስይዛ፣ ከመንገዱ ጀምሮ «ወየው ልጄን!» እያለች ደረሰች።

እናቴ የግቢውን በር ከፍታ መሐሉ ላይ ቆመች።

«ማን ሞተና ነው ጥሩነሽ?»

አክስቴ ልቅሶዋን አቋረጠች። «የሀብታሙን ሰምተን ነዋ፣ እታለም።»

«ምኑን ሰማችሁ? እኔ እናቱ ያልሰማሁትን? ነጠላሽን ፍቺ። እዝንም ከቤቴ አይገባም።»

መሶቡ ደጅ ቀረ። ሰዎቹም ከመሶቡ ጋር ቆሙ። «እግዜር ያጥናችሁ» እንዳይሉ መርዶ የለም፤ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እንዳይሉ ልጁ የለም።

በመጨረሻ የእናቴ ታላቅ ወንድም ቄስ አድማሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እዝን ማን አለሽ እኅቴ? እንግዳ ባዶ እጁን ይመጣል?»

እናቴ መሶቡን ትክ ብላ አየችው። «እንግዲያውስ ግቡ» አለች።

ተቀምጠን በላን። «ወጡ ጨው አንሶታል፤ ስታለቅሺ ረስተሽው ነው» አለቻት እናቴ አክስቴን። አንድ ሁለት ሰው ሣቀ። እኔ ጨው ይኑረው አይኑረው አልታወቀኝም።

ሊሄዱ ሲነሡ አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በጸሎት ስሙን ከየትኞቹ ጋር ላንሣው? ካሉት ነው ካረፉት?» አሏት።

«መንገደኛ ነው። ከመንገደኞች ጋር ያንሡት።»

እሑድ ጣና ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን አብረን አስቀደስን። ካህኑ በየብስና በባሕር ለሚጓዙት ሲጸልዩ እናቴ እጄን ጨበጥ አደረገችና «በአየርም» አለች። ለእኔ አልነበረም፤ ፊቷ ወደ መቅደሱ ነበር።

እስከ ዛሬ የመጣ ወሬ የለም። እናቴም ጥቁር አልለበሰችም። እኔ ወደ ጅግጅጋ ተመልሻለሁ፤ አሁንም ማልቀስ አልቻልሁም። ተስፋ አለኝ ብዬም በእግዚአብሔር ፊት አልዋሽም። ብቻ ቅዳሴው እዚያ ቦታ ሲደርስ፣ እኔ ሳላዘው ከንፈሬ «በአየርም» ይላል።