የግራጫዋ ባዝራ ሦስተኛ ሩጫ

ልጅ ሳለሁ፣ እማዬ ከሥራ እስክትመለስ እኛ ቤት መጥተው የሚጠብቁኝ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ነበሩ። እኛ ከአገር ቤት ወደ ስካርቦሮ ከመምጣታችን በፊት ጀምሮ በፈረስ ውድድር ሜዳ ጋጣ ውስጥ ፈረስ ሲያጥቡና ሲቀልቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ወሬያቸውም ሁሉ ስለ አንድ ውድድር ነበር። በየዓመቱ የሚደረግ፣ ስመ ጥር፣ ግን ከአንድ ደቂቃ ብዙም የማያልፍ ሩጫ ነው። ፈጣን የተባለው ፈረስ ከሌሎቹ ጋር እንዲመጣጠን ተጨማሪ ክብደት ይጫንበታል። ጋሽ ታደሰ ያዩትንም የሰሙትንም እያቀላቀሉ የየዓመቱን አሸናፊ ከነጠባዩ ይነግሩኛል፤ የሚናከሰውን፣ ዝናብ የሚፈራውን። እኔ የምወደው ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈችውን ግራጫ ባዝራ ነበር።

አንድ ምሽት በረዶ የመብራት ገመዶችን በጣጥሶ ሰፈሩ ጨለመ። አውቶቡስ ቆመ፤ የእማዬም ስልክ አይነሳም። ጋሽ ታደሰ ሻማ ለኩሰው፣ ካፖርታቸውን አልብሰውኝ፣ የባዝራዋን ሦስተኛ ዓመት ጀመሩልኝ። ያኔ የሻማው ብርሃን መስኮቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ግማሽ ጆሮዬ ኮሪደሩ ላይ ነበር።

«ከሁሉም የከበደውን ጫኑባት። ፈረሶቹ ወደ መነሻው በር መግባት ጀመሩ፤ አንዱ ግን አልገባም ብሎ ለገመ።»

እሱ ሲገባ የሌላው ፈረስ የኮቴ ብረት ወለቀ። ብረቱ ተመልሶ በሚስማር ሲመታ ደግሞ፣ አሉኝ፣ አንዱ ጋላቢ ማስነጠስ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ሬሱ አንድ ደቂቃ ነው ብለውኝ የለ?»

«ሩጫው ነዋ! መጠበቁን መቼ አልኩሽ?»

ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ወዲያው ጠፋ። «እማዬ ባትመጣስ?» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

የካፖርቱን ቀበቶ ጫፍ እጄ ላይ አስያዙኝ። «ባዝራዋ ደንግጣለች። ልጓሟን ያዥልኝ፣ የኔ ልጅ። አይዞሽ በያት።»

አይዞሽ አልኳት። ደጋግሜ አልኳት።

በመጨረሻ ቁልፍ ተንቃጨለ፤ እማዬ ሻርፗ በረዶ ሆኖ ገባች። መንገዱን ሁሉ በእግሯ ነበር የመጣችው። ሮጬ ተጠመጠምኩባት። ጋሽ ታደሰ ሊነሱ ሲሉ በእጃቸው ግድግዳውን ተደገፉ።

«አሸነፈች» አሉኝ፣ ፊታቸውን አዙረው። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወጡ።

ባዝራዋ በእውነት አሸንፋ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ውስጥ የቀረው ግድግዳውን የተደገፈው እጃቸው ነው። ያን ምሽት ሁሉ ከእኔ እኩል ሲፈሩ ማምሸታቸውን ያወቅኩት፣ እማዬ ከገባች በኋላ ነበር።