የዳሃቦ የይለፍ ቃል

ዳሃቦ አብዲራሺድ ከሕመም ፈቃድ በተመለሰችበት ጠዋት የግቢው ዘበኛ ዐብዲናሲር በሩን እየከፈተላት፣ «አላህ ይተካልሽ እህቴ» አላት።

በትሯን እንደያዘች ቆመች። ፅንሷ መጨንገፉን የሚያውቁት ባሏ አብሺርና አጠገቧ የምትሠራው ጥሩወርቅ ብቻ ይመስሏት ነበር። ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ እጇን ይዛ፣ «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ» ስትላት ነገሩ አገር እንዳወቀው ገባት።

ዳሃቦ በድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ናት። ኩፍኝ ዓይኗን የወሰደባት ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው። ከጅቡቲ መንገድ የሚደውል ሾፌር «ሄሎ» ሲል በስሙ ትጠራዋለች፤ በሶማልኛ ጀምራ በኦሮምኛ ታስቀው እና በአማርኛ ወደሚመለከተው ክፍል ታስተላልፈዋለች። ኮምፒውተሯ ላይ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብላት ፕሮግራም አለ። በእሱ ኢሜይል ታነባለች፣ ትጽፋለች፤ ሥራዋን ሠርታ ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ቤቷ ትመለሳለች እንጂ ማንንም አስቸግራ አታውቅም።

ፈቃድ ስትፈልግ የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ወልደጻድቅ ቢሮ ገብታ፣ በሩን ዘግታ ትነግራቸው ነበር። ድሬ ላደገ ሰው አንቱታ ብዙም አይቀናውም። አቶ ወልደጻድቅ ግን ከአዲስ አበባ የመጡና «አንተ» ሲባሉ ድምፃቸው የሚሻክር ሰው ስለሆኑ፣ እሷም ጥንቅቅ አድርጋ «እርስዎ» ትላቸው ነበር።

አምና ድርጅቱ የሠራተኞች ድረ ገጽ አሠራ። ፈቃድ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የደመወዝ መግለጫ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ሆነ። ወረቀት ቀረ ተባለ። ዳሃቦ የይለፍ ቃሏን አስገብታ ገጹን ስትከፍት የሚያነብላት ድምፅ፣ «ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ። ምስል። ቁልፍ» አላት። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ አልተጻፈበትም። ቀን ለመምረጥ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ላይ በማውስ መጫን ግድ ነበር። ወደ አቶ ወልደጻድቅ ሄደች።

«ጥሩወርቅ አጠገብሽ አለች አይደል?» አሏት። «እሷ ትሙላልሽ። ምን ችግር አለው?»

ዳሃቦም የይለፍ ቃሏን ለጥሩወርቅ ሰጠች።

ያረገዘችው በተጋቡ በአራተኛው ዓመት ነው። በልማድ ሦስት ወር እስኪያልፍ አይነገርምና ለእናቷም አልተናገረችም። ሦስተኛው ወር ሳይሞላ ደም መጣ። አብሺር ባጃጁን አስነስቶ ሆስፒታል አደረሳት፤ ሲመለሱ ግን ባዶዋን ነበረች። በነጋታው አልጋ ላይ ሆና አቶ ወልደጻድቅ ጋ ደወለች።

«አሞኛል። ማስረጃውን ስመጣ ይዤ እመጣለሁ። በቃል ይያዙልኝ።»

«ሲስተሙ በቃል አይቀበልም ዳሃቦ። በዛሬው ቀን ካልገባ ቀሪ ነው የሚልሽ።»

አብሺር አማርኛ ይናገራል እንጂ ማንበብ ላይ ደካማ ነው። ሌላ መንገድ አልነበራትም። ጥሩወርቅ ጋ ደውላ የሆነውን ነገረቻት፤ አብሺር ማስረጃውን በስልኩ አንስቶ ላከላት። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት ዳሃቦ። ጥሩወርቅ አለቀሰችላት፣ ማለችላትም።

ነገሩ በዘበኛው አላበቃም። ወደ ሥራ በተመለሰችበት ዕለት ማታ የአብሺር እናት ወይዘሮ አያን ሳቢያን ድረስ መጡ። ገበያ ውስጥ ከአንዲት ጨርቅ ሻጭ ነው የሰሙት።

«የልጄን ልጅ ከሰው አፍ ነው የምሰማው?» አሉ ተቀምጠው። «እኔ ማነኝ ለእናንተ?»

«ሆዮ፣ እናቴ፣ ዋላሂ እኔ ለማንም አልተናገርኩም» አለች ዳሃቦ። አማቷ አላመኗትም። ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያም ለረጅም ጊዜ እግራቸው ቀረ።

በነጋታው ጠዋት ዳሃቦ የጆሮ ማዳመጫዋን ሳታደርግ ወደ ጥሩወርቅ ዞረች።

«ለስንት ሰው ነገርሽ?»

«ለአንድ ሰው ብቻ። ጨንቆኝ ነው ዳሃቦ፣ አዝኜልሽ ነው።»

«ሐዘኑ የኔ ነበር» አለች ዳሃቦ። ማዳመጫዋንም አደረገች። እስከ ምሳ ሰዓት ስልክ እያስተላለፈች ነገሩን ስታወጣና ስታወርድ ቆየች። ጥሩወርቅ አፏ ልቅ ነው፤ ያንን ድሮም ታውቃለች። ምስጢሯን እዚያ አፍ ውስጥ የከተተው ግን ማነው? ከሰዓት በኋላ ተነስታ አቶ ወልደጻድቅ ቢሮ ገባች።

«ገጹ እንዲስተካከልልኝ እፈልጋለሁ። የራሴን ጉዳይ ራሴ መሙላት እፈልጋለሁ።»

«ለአንድ ሰው ተብሎ ሲስተም አይቀየርም» አሉ። «ከጥሩወርቅ ጋር ካልተስማማሽ ሌላ ሰው እመድብልሻለሁ።»

«ሌላ አፍ ልትመድብልኝ ነው?»

«ምን አልሽ?»

«ሌላ አፍ ልትመድብልኝ ነው ወይ ነው ያልኩህ። አንተ ስትታመም ማን ነው የሚሞላልህ? ሚስትህ ስትታመምብህ ለማን ነው የምትነግረው? የአካል ጉዳተኞች የሥራ አዋጁ የሥራ ቦታውን እንድታመቻችልኝ ያዝዝሃል፤ ምስጢሬን የሚያነብልኝ ሰው እንድትመድብልኝ አይደለም።»

አቶ ወልደጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «በሥርዓት እንነጋገር» አሉ። በሥርዓት መነጋገር የሚሉት «እርስዎ» መባልን እንደሆነ ገባት። በሩን ሳትዘጋው ወጣች።

ገጹን የሠራችው ዲና የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ዳሃቦ ዲና ወደምትሠራበት ክፍል ሄዳ የይለፍ ቃሏን እንድትቀይርላት ጠየቀቻት። ዲና እንዳታይ ጀርባዋን አዙራ ጠበቀች፤ ዳሃቦ አዲሱን ቃል ራሷ ጽፋ ስትጨርስ ዲና ቀስ ብላ ተናገረች።

«ገጹ የሚፈልገው ቁልፎቹ ላይ ስም መጻፍ ነው፤ ቀኑንም በጽሑፍ እንዲቀበል ማድረግ። ሲሠራ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጊዜ ስጡኝ ብዬ ነበር፣ ከለከሉኝ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና እኔ የይለፍ ቃሌን ተሸክሜ ሰው ስለማመጥ ዝም ብለሽ ታይ ነበር?»



ከዚያ በኋላ ዳሃቦ ማንም እንዳይሞላላት ቆረጠች። ለክትትል ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲሰጣት የፈቃድ ጥያቄዋን ኮምፒውተር ላይ ጽፋ፣ አትማ፣ ፈርማ አቶ ወልደጻድቅ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ወረቀቱን ሳይቀበሉ መለሱላት። ሐኪም ቤት ሄደች፤ ቀሪ ተባለች። ሁለተኛ ጊዜም እንዲሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲሰጣት የተለጠፈው በዚያው ድረ ገጽ ላይ ነበርና ማስጠንቀቂያው መኖሩን ያወቀችው፣ ደመወዟ ሲቆረጥ «ለምን?» ብላ ስትጠይቅ ነው።

«ተነግሮሻል እኮ» አላት የሒሳብ ሠራተኛው። «ገጽሽ ላይ አለ።»

አብሺር ሲሰማ፣ «ልሂድና ላናግረው ይህን ሰውዬ» አለ። ዳሃቦ ከለከለችው። «አንተ ከሄድክ ስለ እኔ ከአንተ ጋር ነው የሚነጋገረው» አለችው።

ክረምቱ እንዳለፈ ድርጅቱ ከአንድ የውጭ የመርከብ ኩባንያ ጋር ሊዋዋል ተነሳ። ኩባንያው ከላካቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ የሠራተኞች ድረ ገጻችሁን አካል ጉዳተኞች ያለ ረዳት ይጠቀሙበታል ወይ የሚል ነበር። በማግስቱ ዲና ሌላ ሥራ ሁሉ እንድትተው ታዘዘች። በአምስት ቀን ጨረሰች። ዳሃቦ ገጹን ስትከፍት ድምፁ፣ «ፈቃድ ለመጠየቅ፣ ቁልፍ» አላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ሁሉም ስም ነበረው።

ውሉ ሲፈረም ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ተጠራ፤ ካሜራም ነበር። አቶ ወልደጻድቅ ድርጅቱ ለአካል ጉዳተኞች ስለሚሰጠው ትኩረት ተናግረው ማይኩን ዳሃቦ እጅ ውስጥ አስቀመጡ።

«እስቲ ዳሃቦ የተሰማትን ደስታ ትግለጽልን።»

«ደስ አላለኝም» አለች ዳሃቦ።

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተንቀሳቀሰ።

«ገጹ አሁን ይሠራል። አምስት ቀን ነው የፈጀው። እኔ ስጠይቅ፣ ለአንድ ሰው ተብሎ አይቀየርም ተባልኩ። ዛሬም ያው አንድ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ለእኔ ተብሎ አልተቀየረም። የልጄን ነገር እዚህ ያላችሁት በሙሉ ሰምታችኋል። አማቴ ገበያ ላይ ሰምታ ቤቴ መምጣት ትታለች። አንድም ሰው ይቅርታ አላለኝም። ላነበው በማልችልበት ቦታ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያም እስካሁን ፋይሌ ውስጥ አለ። ምኑን ላመስግን?»

«ይህ በቢሮ የሚታይ ጉዳይ ነው» አሉ አቶ ወልደጻድቅ በዝቅተኛ ድምፅ።

«ቢሮህ መጥቼ ነበር» አለችና ማይኩን መለሰችላቸው።

ያጨበጨበ የለም። ካሜራው መቼ እንደጠፋ እሷ አላወቀችም፤ በኋላ ዲና ናት በመጀመሪያው ቃሏ ላይ እንደጠፋ የነገረቻት።

ማስጠንቀቂያው ከሳምንታት በኋላ ተነሳላት። መነሳቱን የሚገልጸው ጽሑፍ በገጹ ላይ መጣና ራሷ ሰማችው። አጭር ነበር። ይቅርታ የሚል ቃል ይኖረው እንደሆነ መልሳ አስነበበችው፤ የለውም። ወይዘሮ አያን ግን አብሺር ለምኗቸው ለኢድ መጡ። ዳሃቦን ጉንጯን ስመው፣ ስለ ነገሩ ሳያነሱ ሄዱ።

ጥሩወርቅ አሁንም አጠገቧ ትቀመጣለች። ስለ ሥራ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ አያልፉም። አንድ ቀን ጥሩወርቅ፣ «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንሆነው?» አለቻት።

«አላውቅም» አለች ዳሃቦ። እውነቷን ነበር። ስልኩ ጠራና አነሳችው።