ያላስቆለፍኩት ሙሾ

እህቴ ስማዳ ሄዳ ነው ያገባችው። በሙሾ የሚስተካከላት የለም። ልጇ የታመመ ጊዜ ባሏ «ገብሱ ተወቅቶ ይለቅ» ብሎ ሐኪም ቤት ሳይወስደው ቆየ፤ ልጁም ሞተ። ለቅሶው ላይ ይህን አላነሳችውም። አርባው ካለፈ በኋላ፣ ባሏ ወገዳ ገበያ የሄደ ቀን፣ ለእኔ ብቻ አወጣችው። ግጥሙ አንጀቴን በላው። በስልኬ ልቅዳው ብዬ ለመንኳት።

«ከሁለታችን ጆሮ እንዳይወጣ» አለች። «ባሌ ከሰማው ቤቴ ፈረሰ።»

«ገብርኤልን! አይወጣም» ብዬ ማልኩና ቀዳሁት።

ስልኩ አልከፈት እያለ ሲያስቸግረኝ ንፋስ መውጫ ኮምፒውተር ለምታስተምር ልጄ ወሰድኩላት። ሳትሰሚ አስቀምጪልኝ አልኳት።

«ክላውድ የሚሉት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ላድርገው፤ ስልኩ ቢሞትም እሱ አይጠፋም። የሚስጥር ቃል ግን ይምረጡ፣ አባየ።»

እኔ ከሀ ሁ ያለፍኩት በግድ ነው። «ቁልፍ አልፈልግም። ፊደል ስለቅም ሊመሽብኝ ነው፤ ስነካው ይከፈት» ብዬ ድርቅ አልኩ። ብትለምነኝ እንቢ፣ ብትቆጣኝ እንቢ። በመጨረሻ እንዳልኩት አደረገችው።

ዘንድሮ የእህቴ ባል ፊልም የሚያሳይ ስልክ ገዛ ሲሉ ሰማሁ። ያን ጊዜ ሙሾው እሱ እጅ ቢገባስ አልኩ። ልጄ ለፋሲካ ስትመጣ «ያ ድምፅ የት ነው ያለው? ማንስ ይከፍተዋል?» አልኳት።

ላፕቶፗን ከፈተች። ሥዕል የለው ምን የለው፣ ጥቁር ገጽ ነው። አንድ መስመር ትጽፋለች፣ እሱ አንድ መስመር ይመልሳል።

«ያለው አየርላንድ ነው።»

«እሱ ደግሞ የማን አገር ነው?»

«የፈረንጅ።»

እኔ ንፋስ መውጫ ያለ መስሎኝ! ሌላ መስመር ጻፈች፤ ፊቷ ተለወጠ።

«የሚከፍተው ማንም ነው።»

«ማንም ማለት ማን?»

«አድራሻውን ያገኘ ሁሉ። ቁልፍ አልፈልግም ብለው የለ?»

ወዲያው ድምፁን ቆለፈችው። የሰማው አለ ወይ ብላት፣ «የገባ የወጣውን እንዲመዘግብ አላዘዝኩትም ነበርና ማወቅ አይቻልም» አለችኝ። ጥፋቱን በእሷ ላላክክ አሰብኩ፤ አፌ እንቢ አለኝ።

በማግስቱ ስማዳ ሄድኩ። እህቴ ምስር ትለቅማለች። ሁሉንም ነገርኳት።

«ስንት ሰው ሰማው?»

«አላውቅም።»

«ባሌስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«አባታችን ‹ከዚህ ልጅስ በቅሎዋ ትሻላለች› ሲል እውነቱን ነበር» አለች። ልስቅ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም። «አጥፋው።»

እዚያው ልጄ ዘንድ ደወልኩ። «አባየ፣ ያ ስልክዎ ከሞተ ወዲህ ሌላ ቅጂ የለም። ላጥፋው?» አለች። እህቴን አየኋት፤ ከምስሩ ቀና አላለችም።

«አጥፊው።»

ጥቂት ቆይታ «አየሁት፤ ባዶ ነው» አለችኝ።

ባሏ ከማሳ ሲገባ ፊቱን አጠናሁት። ደህና ሰነበትክ ከማለት ሌላ ምንም አልወጣውም። ይስማ አይስማ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከግጥሙ የቀረኝ ሁለት ስንኝ ነው፤ አንድ ጊዜ በይልኝ ብዬ በምን አፌ ልለምናት። እሷም ጎረቤት ለቅሶ ላይ ሙሾ ስታወጣ፣ እኔ ከበሩ ስደርስ ታቆማለች።