ባሕር ላይ የማይነገር ወሬ

አንሴልም ቡርጎ ዕድሜውን ሙሉ ቱና ዓሣ አጥማጅ መርከቦች ላይ ምግብ ሲያበስል የኖረ ሰው ነው። ማዕበሉ ድስቱን ቢደፋበት ሌላ ይጥዳል እንጂ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አያውቅበትም። ዘንድሮ ግን የልጁ የኤሎዲ ጀልባ ሌ ሳብል ወደብ ላይ ለጉዞ ስትሰናዳ፣ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ኤሎዲ ብቻዋን፣ ያለ ረዳት፣ የትም ሳትቆም ዓለምን በሸራ ጀልባ ዞራ ልትወዳደር ነው። ወጣትነቷን የጨረሰችው ለዚህች ቀን ስትለፋ ነው።

እሱን ደግሞ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል። ጉበቱ አልቋል። «ገናን ከደረሱ ተመስገን ይበሉ» ነው ያለው። ልጁ የምትመለሰው ከገና በኋላ ነው፣ ያውም ነፋሱ ከቀናት። ከነገራት ጉዞዋን ትተዋለች፤ የሱ ልጅ ናትና ያውቃታል። ካልነገራት ሳይሰናበታት ሊሞት ነው። ወይ ጣጣ! ሲያመነታ ከርሞ፣ መነሻው ሲቃረብ አንድ ቀን ጠዋት «የራሷን ነገር ራሷ ትወስን» ብሎ ተነሣ። ባዶ እጁን መሄድ ከበደውና ራሱ በዘይት ያሸገውን ቱና በጠርሙስ በጠርሙስ አድርጎ፣ በዘንቢል ይዞ ላ ሾም ከሚባለው ሰፈሩ በጀልባ ወደ ወደቡ ተሻገረ።

ገና ከሩቁ ያየው ቲቦ ነው፤ ያ ጀልባዋን የሚያሰናዳው ጢማም።

«አባባ አንሴልም! ዛሬ ደግሞ ምን ተሸክመው መጡ? ጀልባዋን ሊያሰምጧት ነው?»

«ዝም በል አንተ! እናንተ ዱቄት በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ ምግብ ነው ትላላችሁ። ለውሻ እንኳ አልሰጠውም!»

ኤሎዲ ከጀልባዋ ሆድ ብቅ ብላ ዘንቢሉን ስታይ ሳቋ መጣ። «አባዬ፣ በናትህ! ካልሲዬን እንኳ በሚዛን ነው የማስገባው። ጠርሙሱን ማን ይሸከምልኛል?» ወርዳ ጉንጩን ሳመችው፤ ከዚያ ራቅ ብላ አየችው። «ከስተሃል እኮ። አትበላም እንዴ?»

የመናገሪያ በር ተከፈተለት። ቃሉ አፉ ላይ ደረሰ።

«ኤሎዲ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ...»

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም። ብቻህን ላገኝህ ስፈልግ ነበር።» ቲቦን ገመድ እንዲያመጣ ሰደደችው። «አክስቴ ኦዴት እንደሆነች አርጅታለች፣ ዛሬ ነገ ናት። እኔ ባሕር ላይ እያለሁ አንድ ነገር ብትሆን እንዳትነግሩኝ።»

«ምነው?»

«ደቡብ ውቅያኖስ መሀል ሆኜ ብሰማ ምን ይውጠኛል? መመለሻ የለኝ፣ የሚያቅፈኝ የለኝ። እያለቀስኩ የሸራው ምሰሶ ላይ ልወጣ ነው? ተወዳዳሪ ሁሉ ሳይነሣ ይህን ይወስናል። እኔ አይነገረኝ ብያለሁ። ማንም ቢሞት።»

«ማንም ቢሞት?»

«ማንም። አባዬ፣ ሁሉ ነገር ተሰናድቷል፣ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። እሺ በለኝና ልቤ ይረፍ።»

አንሴልም ዘንቢሉን አስቀመጠ። ልጁ ፊቱ ቆማለች፤ ፀሐይ የጠበሰው ፊቷ ላይ ዓይኖቿ እንደ ሕፃንነቷ ቁልጭ ቁልጭ ይላሉ። እንዴት ብሎ ይንገራት? ከዚህ በኋላ ቢናገር ጉዞዋን በገዛ እጁ ማፍረሱ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ይህ የመጨረሻቸው ነው፣ እሷም አታውቀውም። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያን ሁሉ ማዕበል ያሳለፈ ሰው፣ አንዲት ቃል አቃተችው።

«እሺ» አላት።

አንገቱን አቀፈችው። «ስመለስ ግን ከሌላ ሰው አልሰማም። አንተ ነህ የምትነግረኝ። እዚሁ ቆመህ ጠብቀኝ፤ ያኔ አብረን እናለቅሳለን።»

«እሺ ልጄ» አለ አንሴልም። «እኔው ራሴ እነግርሻለሁ።»