በቃጫ የተቃና ጎማ

በ1974 ዓ.ም. አንድ የገበያ ቀን፣ ይህን የሚጽፈው የሹፌሩ የከማል ጎረቤት ከሆመቾ ገበያ በእግሩ ሲመለስ አየው። ፒክአፑን ጭቃ መሃል አቁሞ፣ የቆጮ ሸክም ያጎበጣቸውን አሮጊት ደግፎ ገቢና ያስገባ ነበር። ሰው ያየኛል አላለም፤ ፈጣሪ ግን ያያል። መኪናዋ ስትነሳ የፊት ጎማዋ እንደ ሰካራም ተወዛወዘ።

በማግስቱ የሹፌሮች ማኅበር ሊቀ መንበር ጓድ ሽብሩ ሆሳዕና መናኸሪያ ላይ አስቆመው።

«መሪህ ልቅ ነው። የማኅበሩ ጋራዥ አስገባት። እስከ ሰኞ ካልተሠራች የስምሪት ፈቃድህን እነጥቅሃለሁ።»

«እዚያ የገቡት ሣር በቅሎባቸዋል፣ ጓድ። ቤቴ እሠራታለሁ።»

«አንተ መካኒክ ነህ?»

«እርስዎስ ሹፌር ነዎት?»

መናኸሪያው ሳቀ። ከማል ግን አልሳቀም፤ ያለዚያች መኪና ቤቱ እንደማይቆም ያውቃል።

ቅዳሜ ጠዋት እንሰቱ ሥር በግንድ ደግፎ አነሳት። ያለቀው ቴስቲናው ነበር፤ የመሪውን ዘንግ ከጎማው የሚያገናኘው ባለ ኳስ ብረት። ሌላ ከአዲሎ፣ ከወዳደቀ መኪና ላይ ፈትቶ አምጥቷል። አሮጌው ስንት ዙር ዞሮ እንደወጣ መቁጠር አለበት፤ አዲሱም ያንኑ ያህል ካልገባ ጎማው ይጣመማል።

አሥራ አራት ላይ ሲደርስ ሌላው ጎረቤቱ ጠና ከአጥር ማዶ ብቅ አለ። «ከማል! እንዴት አደርክ? ልጆቹስ? ላሟስ? እንሰቱስ?»

በዚያ አገር ሰላምታ መቁረጥ ከስድብ ይብሳል። ከማል እስከ ላሟ ጥጃ ድረስ መለሰ። ቁጥሩ ጠፋ።

ሚስቱ ሰዓዳ ከት ብላ ሳቀች። «እሰይ! አሁን ጠናን ጠይቀው፣ ስንት እንደነበር!»

«ሳቂ! ቃጫ ግን አምጪልኝ።»

የእንሰቱን ቃጫ ከአንዱ የፊት ጎማ ወደ ሌላው ወጠረ፤ አንዴ በፊታቸው፣ አንዴ በኋላቸው። በቋጠሮ እየለካ፣ ሁለቱ ልክ እስኪተካከሉ ዘንጉን አዞረ። «ቢስሚላህ» ብሎ አጠበቀው።

ሰኞ፣ ጓድ ሽብሩ ፊት፣ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ነዳ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች።

«ደህና ነው» አለ ሽብሩ። «የጋራዡ ወረቀትስ?»

«ጎማው ይመስክር!»

«ጎማ አይፈርምም። ፈቃድህን አምጣ።»

ከማል ፈቃዱን ሰጥቶ በቀጥታ ይህን የሚጽፈውን የጎረቤቱን በር አንኳኳ። እጁ ገና በመኪና ግራሶ እንደጠቆረ ነው።

«ወንድሜ፣ ለአውራጃው ማመልከቻ ጻፍልኝ። ልመና ግን አታስመስለው። ከማል በገዛ ጓሮው ሠራት፣ የተጠራጠረ መጥቶ ይንዳት በልልኝ።»