ግብጦው፣ ኪኒኑና ስምንቱ ሰዓት

ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልተናገርኩትን ነገር ዛሬ ልጽፈው ነው።

ባለቤቴ የደም ግፊት ኪኒኑን የሚውጠው ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር። በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ግን ቅዳሴ እስኪወጣ ብዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆየሁበት። ለሕመምተኛ እንደሚፈቀድ እያወቅኩ... ቀትር ላይ ልጃችን ከጅዳ ደውላ «አባዬ ኪኒኑን ዋጠ?» አለችኝ።

«በጠዋቱ!» አልኳት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደጃፉ ላይ ወደቀ። አልተነሣም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ስሌት ከራሴ አልወጣ አለ። አንዱ ኪኒን የአንድ ቀን ነው፤ በየሰዓቱ እኩል እየተቀነሰ በማግስቱ ጠዋት ያልቃል። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ሙሉ ባዶውን አዋልኩት... ገደልኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ምሬቱ እንዲለቅ የነከርኩትን ግብጦ ውሃ ልቀይር ስወጣ፣ ግቢዬ ውስጥ የተከራየችው የሒሳብ መምህርት ሰዓዳ በረንዳው ላይ ትምህርት ታዘጋጅ ነበር። ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ እንደምወድ ስለምታውቅ ደብተሯን አዞረችልኝ።

«ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ነው እማማ። ነገር በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚጻፍበት። ለምሳሌ መድኃኒት ከደም ሲወጣ...»

ባልዲውን አስቀመጥኩ። «በየሰዓቱ እኩል ነው የሚወጣው፣ አይደል?»

«የግብጦው ምሬት በየቀኑ እኩል ነው የሚወጣው?»

«ኧረ ወዲያ! በመጀመሪያው ውሃ ብዙ ይለቃል። ከዚያ እየሰነፈ፣ እየሰነፈ... ጨርሶም አይለቅ።»

ሳቀች። «በቃ፣ እኩልታውን ተናገሩት! የሚወጣው በቀረው ልክ ነው። ተማሪዎቼን ሁለት ሳምንት ለፋሁባቸው እኮ።»

ከሣጥኔ ሥር ያስቀመጥኩትን የባለቤቴን ባዶ የኪኒን እሽግ አመጣሁላትና «ይሄስ ስምንት ሰዓት ቢዘገይ?» አልኳት። ፋርማሲ ያለች ጓደኛዋ ዘንድ ደወለች፤ ግማሹ ከደም ለመውጣት ሁለት ቀን ገደማ ይፈጅበታል ተባለ። እርሳሱን ሰጠችኝና አብረን ሠራነው። ጠዋት ከነበረው ከአሥር እጅ ዘጠኙ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይም እዚያው ነበር።

«ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። ያው ነው።

«ሐኪም አይደለሁም እማማ፤ ቁጥሩ ግን ይህን ነው የሚለው። አብሽሩ።»

ማልቀሴን ስታይ ተነሥታ የግብጦውን ውሃ ቀየረችልኝ። ውለታዋን በምን እንደምከፍል አላውቅም።

ስምንቱን ሰዓት ሒሳቡ አቀለለልኝ። «በጠዋቱ» ያልኩት ግን እኩልታ የለውም። እናንተ ከማንበባችሁ በፊት እነዚህ ገጾች ከነስሌታቸው ጅዳ ለልጄ ለትርንጎ ይደርሳሉ።